የደጋ ሰው ልብስ

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «እገሌ ሱፍ ለብሶ መጣ» ከተባለ፤ ኮትና ሱሪውን አሳምሮ፣ ከረባቱን አስሮ መጣ ማለት ነው። ጨርቁ ከበግ ጠጉር የተፈተለ ይሁን ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ማንም አይጠይቅም። በጾም ወራት ደግሞ ሱፍ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ፍትፍቱ ይሄዳል። ስሙን ኮቱና የቅባት እህሉ ሲካፈሉት በጉ ያለ ድርሻ ቀረ። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር፤ ነገር ግን ደጋ አገር ለሚኖርና ደመወዙ ለተመጠነ ሰው የገንዘብም የኅሊናም ጉዳይ ነው።

እኔ ሥራ ይዞኝ የምኖረው ባሌ ሮቤ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የስንዴ አገር ናት፤ ከእርስዋ ዐሥራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በተራራው ግርጌ የተቀመጠችው ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከጎባ በላይ መንገዱ በደንና በአስታ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሳነቴ አምባ ያወጣል፤ አምባው 4000 ሜትር ገደማ ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ጀማሪ ሠራተኛ፤ ወይም መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አዲስ ተማሪ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀው ጥያቄ «ምን ልልበስ?» የሚል ነው። የቤት ኪራይ እንኳ ሁለተኛ ነው የሚመጣው።

እኔም በአንድ የገበያ ቀን ብርድ ልብስ ልገዛ ወጣሁ። በገባሁበት ሱቅ አበባና የነብር መልክ የታተመባቸው ብርድ ልብሶች እስከ ጣራ ተቆልለዋል። ባለሱቋ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው።

«እማማ፤ ይህ ከምን የተሠራ ነው?» አልኋቸው።

«ሱፍ ነዋ ልጄ! በእጅህ ዳስሰው እስቲ፤ እንዴት እንደሚለሰልስ።»

«ከጠርዙ አንዲት ክር ቢሰጡኝ ውጭ ወጥቼ ላቃጥላት?»

ሴትዮዋ ገርሟቸው አዩኝ፤ ሆኖም ክሯን በጥርሳቸው ቆርጠው ሰጡኝ። በረንዳው ላይ ሆኜ በክብሪት ብለኩሳት እንደ ፌስታል ተኰማትራ ቀለጠች፤ ስትበርድም ጥቁር ጠጠር ሆነች። የጎረቤት ባለሱቆች ሳቁ። እሳቸው ግን ሳይቆጡ «እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ፤ እኔም ሱፍ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አሉ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከአከፋፋዩ እስከ ቸርቻሪው ያለው ሰው ሁሉ የሰማውን ስም ይደግማል እንጂ ጨርቁን የሚመረምር የለም። የሚመረምር ገዢም ስላልመጣ ነው። አባቶቻችን የበግ ለምድ ስለ ለበሰ ተኩላ ሲያስጠነቅቁን ኖረዋል፤ በዘመናችን የበጉን ለምድ የለበሰው ፕላስቲክ ሆኗል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ መለያውን ልንገርህ። እውነተኛ የበግ ጠጉር እሳት ሲነካው የሰው ጠጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፤ ቶሎ አይያያዝም፤ እሳቱ ሲርቅለት ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረካከሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው። አክሪሊክና ፖሊስተር ግን ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱም ጠጠር ይሆናሉ። አንድ ክርና አንድ ክብሪት ይበቃል፤ ብቻ ከሱቁ ውጭ፣ በባለሱቁም ፈቃድ ይሁን።

«ብርዱን ከከለከለልኝ ምን ቢሆን ምን ገደደኝ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የበግ ጠጉር ክሩ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለ ሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱን የሚጠብቅልንም ያ አየር ነው። ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ለገላ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ይህም የባሌ ጉም ለሚያገኘው መንገደኛ ትልቅ ነገር ነው። አርጅቶ ሲጣል አፈር ይሆናል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ክር ግን አፈር አይሆንም። በታጠበም ቁጥር ዐይን የማያያቸው ብናኞች ከእርሱ እየተላቀቁ ከእጥበቱ ውሃ ጋር ይወርዳሉ። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወይብና ገናሌ፣ እንዲሁም ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚገቡት ጅረቶች በቆላው ላሉ ብዙ ሕዝቦች፤ ከድንበር ማዶ ለሶማሊያም ጭምር፤ የመጠጥ ውሃ ናቸው። ደጋ ላይ የሚለበስ ልብስ ቆላ ላይ ይጠጣል ማለት ነው።

ይህን ስል ርካሹን ብርድ ልብስ ገዝቶ ልጆቹን ከብርድ ያዳነውን አባት መውቀሴ አይደለም። እርሱ ያለውን መረጠ። ነገሬ መምረጥ ከምንችለው፤ ትንሽም ብትሆን የወር ደመወዝ ከምናገኘው ሰዎች ጋር ነው።

እንግዲህ እውነተኛውን ከየት እናምጣው? በባሌ ሜዳ በግ ሞልቷል፤ ነገር ግን የአርሲና የባሌ በግ ላቱ ረጅም፣ ጠጉሩ አጭርና ሸካራ ነው። ገበሬው የሚያረባው ለሥጋና ለችግር ቀን ገንዘብ እንጂ ለጠጉር አይደለም። በአገራችን የበግ ጠጉር ጥበብ ስሙ የተጠራው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት፣ ጥቁሩንም በርኖስ ሲሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካና የበግ ማርቢያ ጣቢያ የተቋቋሙትም ይህንኑ የአገር ሀብት ተመልክቶ ነው። ሆኖም ከአንድ የመንዝ በግ በዓመት የሚገኘው ጠጉር አንድ ኪሎ ግራም ከሞላ ብዙ ነው፤ ሜሪኖ የሚባለው የአውስትራሊያ በግ ግን አራትና አምስት ኪሎ ይሰጣል።

ሜሪኖን ካነሣሁ አይቀር፤ በውጭ አገር ስለ ሱፍ የሚነሣውን ክርክር ላስታውስ። ይህ በግ ብዙ ጠጉር እንዲያበቅል ሲባል ቆዳው የተጨማደደ ሆኖ ተራብቷል። በጅራቱ ሥር ባለው እጥፋት ቆሻሻ ሲጠራቀም ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፤ ትሉም በጉን በሕይወቱ ሳለ ይበላዋል። ይህን ለመከላከል በአውስትራሊያ የጠቦቱን የኋላ ቆዳ በመቀስ ቆርጦ የማንሣት ልማድ አለ፤ ሙልሲንግ ይሉታል። ኒው ዚላንድ ግን ድርጊቱን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ ከለከለች። ከውጭ አገር ዘመድ ሹራብ የሚልክልህ እንደ ሆነ በአንገቱ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አንብብ፤ ከዚህ ድርጊት ነጻ መሆኑን የሚገልጹ ሠሪዎች አሉና።

የእኛ በግ ይህ ስቃይ የለበትም። እንግዲያው ኅሊናችን ንጹሕ ነው ብለን እንቀመጥ? እኔም ወደ ሳነቴ እስክወጣ ድረስ እንዲሁ የሚያስቡትን ሰዎች እሰማ ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ በ2023ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው። በአምባው ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ ለዐቅመ እርባታ የደረሰውም ቢቆጠር በጠቅላላው 500 አይሞላም፤ ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠው ያለው በባሌ ነው። ኦሮሞው «ጄዳላ ፈርዳ»፤ የፈረስ ቀበሮ፤ ይለዋል፤ ፈረስ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላልና። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው፤ ያ ትልቁ ፍልፈልም ራሱ ከባሌ ደጋ በቀር አይገኝም።

ከኦሮምኛ ተናጋሪ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንሄድ በጎች የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። በጎቹ ሣሩን እስከ ሥሩ ግጠውታል፤ ሦስት ውሾችም አብረው አሉ። ባልደረባዬ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ስለ ውሾቹ ጠየቃቸው።

«ውሻ ከሌለ ጅብ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ታች ያለው ግጦሽ ሁሉ ስንዴ ሆነ። እኛ ወዴት እንሂድ? ወደ ላይ ነው እንጂ።»

በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ነገሩ ሁሉ አለ። ቀድሞ ከብቱ በወቅቱ ወጥቶ በወቅቱ የሚወርድበት፣ ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት ነበር። የሜዳው ግጦሽ በትራክተር እየታረሰ ሲሄድ ግን ለጊዜው ይወጣ የነበረው መንጋ በዚያው መክረም አመጣ። ከመንጋው ጋር ውሻ ይወጣል፤ ከውሻ ጋርም የእብድ ውሻ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003ና በ2008 የተነሣው ወረርሽኝ በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨረሰ፤ በየጊዜውም ሌላው የውሻ በሽታ ተከትሎታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውሾችን በየመንደሩ መከተብ፤ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ሥራው ሆኗል። ሽማግሌው ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ቀበሮውንም አይጠሉም። የሚጠብቁት ግን የልጆቻቸውን እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያስፈልገናል። «ፕላስቲክ ይቅር፤ ሱፍ እንልበስ!» ብለን ሁላችን ብንነሣና ለዚሁ ሲባል በሳነቴ ላይ የበጉ ቍጥር ቢጨምር ምን አተረፍን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ መልካም ልብስ ማለት ከበግ የተገኘ ልብስ ብቻ አይደለም፤ በጉ የት እንደ ጋጠም መጠየቅ አለበት።

ይህ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ያው መንዝ ምስክር ነው። በመንዝ ጓሳ የሚባል የደጋ ሣር አምባ አለ። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት አምባውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲበቃ በስምምነት ከፍቶ እያጨደና እያስጋጠ ጠብቆት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በኋላ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። በጓሳ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ። በግና ቀበሮ በአንድ አገር የሚኖሩበት መንገድ በፈረንጅ መጽሐፍ ሳይሆን በገበሬ ሸንጎ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

በባሌ በኩል ደግሞ አንድ በግ እንኳ ሳይጨመር የሚገኝ ሀብት አለ። በዐረፋ ማግስት፣ በገናና በፋሲካ ማግስት፣ በሮቤ መንደሮች ውስጥ የሚሄድ ሰው የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ በቦይ ውስጥ ተጥሎ ያያል። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በብዙ የአገራችን ከተሞች እንዲሁ ሆኗል። ያ ቆዳ ትናንት አጎዛ ነበር፤ የእረኛ ለምድ ነበር። የባሌ በግ ጠጉር ለቀጭን ሹራብ ባይሆንም ለአጎዛ፣ ለምንጣፍ፣ ለትራስ መሙያ ይሆናል። ከአልጋ በታች ያለው የሲሚንቶ ወለል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ የሮቤ ተከራይ ሁሉ ማለዳ እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ አጎዛ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። በጉ ለበዓሉ ታርዷል፤ ቆዳውን ማክበር ለበጉም ለገበሬውም ክብር ነው።

ከበጉ ቀጥሎ የሰው እጅ ይመጣል። ከመንዝ የመጣ አንድ ጓደኛዬ «አያቴ ለአንድ ባና የሚበቃ ክር ስትፈትል ክረምቱ ያልቅ ነበር» ብሎ አጫውቶኛል። ያ ሁሉ የእንዝርት ሥራ በገበያ ላይ ሲከራከሩበት በአንድ ቃል «ተወደደ» ይባላል። አገራችን ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብላ የሰደበች፣ የሸማኔን ሸማ ግን ለክብር ቀን የለበሰች አገር ናት። ስድቡ ቀነሰ እንጂ ዋጋው አልተስተካከለም። ብርዱን በጋቢና በቡልኮ ለምንከላከለውም ነገሩ ይመለከተናል፤ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት ከትምህርት ርቀው በሽመና ሲሠሩ እንደ ነበር በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነውና። እጅግ የረከሰ የእጅ ሥራ ባየን ጊዜ ልዩነቱን ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ ደግ ነው።

«ሰልባጁስ?» የሚለኝ ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእርግጥ በሰልባጅ ክምር ውስጥ እውነተኛ የሱፍ ካፖርት ይገኛል። የተሠራውን ልብስ እስከ መጨረሻው መልበስም ከብክነት ያድናል። ነገር ግን ያገለገለ ልብስ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ስለ ሆነ የሚመጣው በኮንትሮባንድ ነው፤ የአገሩንም ሠሪ ገበያ ይሻማል። ስለዚህ እኔ ካፖርት ያማረኝ ጊዜ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቤተ ሰብ ሣጥን ነው። በብዙ አጎቶችና አባቶች ሣጥን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሰፋ የሱፍ ኮት ተኝቷል። ልብስ ሰፊ ትከሻውን ጠበብ፣ ገበሩን አደስ ቢያደርገው ዐሥር ዓመት ያገለግላል። አዲስ በግ፣ አዲስ ነዳጅ አይጠይቅም።

አያያዙንም ላክል፤ ብዙ ሰው ሱፍን የሚያበላሸው በእጥበት ነውና። ሱፍ በፈላ ውሃ አይታጠብም፤ አይታሽም፤ እንዲያ ከተደረገ ተኰማትሮ የሕፃን ልብስ ያህላል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነክሮ ጫን ጫን ማድረግ፤ ሳይጠመዝዙ ውሃውን በፎጣ ማውጣት፤ በጥላ ሥር ዘርግቶ ማድረቅ ነው። በየሳምንቱ ማጠብም አያስፈልገውም፤ ነፋስ ሲያገኝ ሽታው ይለቀዋል። ጠላቱ ብል ነው፤ ብል ደግሞ ቆሻሻና ጨለማ ይወዳል። ንጹሕ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ፀሐይ ማስመታት ይበቃዋል።

እኔ በመጨረሻ ከባለሱቋ አበባማውን ብርድ ልብስ አልገዛሁም፤ ተጣልተን ግን አልተለያየንም። ለጓደኛዬ ገንዘብ ሰጥቼ አገሩ ሲሄድ አንድ ባና አስመጣሁ። ዋጋው ከፕላስቲኩ በብዙ ይበልጥ ስለ ነበረ በሦስት ወር ደመወዝ ከፋፍዬ ነው የከፈልሁት። ሸካራ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ነጠላ አንሶላ አደርጋለሁ። ዝናባማ ቀን የበግ በረት ይሸታል፤ ጎረቤቶቼም «ዛሬ በግ አስገብተሃል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ሲነጋ ግን እነርሱ በሁለት ብርድ ልብስ ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ፤ እኔ በአንድ እተኛለሁ። በዐሥር ዓመት ከተካፈለ ዋጋው ከሁላችን የረከሰው የእኔ ነው።

ባለሱቋን አሁንም በገበያ ቀን እጠይቃቸዋለሁ። በቀደም ጠርተው «አንተ ክብሪት ያለህ ልጅ፤ እውነተኛውን የሚፈልግ ሌላም ሰው መጥቶ ጠየቀኝ፤ ከየት ነው የሚያመጡት?» አሉኝ። የጓደኛዬን አድራሻ ሰጠኋቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንድ ሠራተኛ ቢጠይቅ ባለሱቁ ይስቃል፤ ሃያ ሠራተኛና ሃያ ተማሪ «ይህ ከምን ተሠራ? በጉ የት ጋጠ? ማን ፈተለው?» ብለው ቢጠይቁ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን መልሱን ይዞ ይጠብቃቸዋል። የጥቅምት ብርድ ሳይመጣ፤ ሣጥናችሁን ዛሬውኑ ክፈቱና ያላችሁን ልብስ እያነሣችሁ ጠይቁት።